ያቺ ይቅር ባይ ልጅ

እትዬ፣ መነጽርዎን አገኙት? ክር ሳጥኑ ውስጥ ነበር? አይ እርስዎ! እኔ ደግሞ ጠዋት ሙሉ ካውያ ጠረጴዛው ስር ተንበርክኬ ስፈልግ ነበር። እሰይ፣ እንኳን ተገኘ። እንግዲህ ክሩን ያስገቡ፤ ብርሃኑ ካነሰዎት መጋረጃውን ልሰብስብልዎት። ዛሬ ነፋስ የሚባል ነገር የለም፣ ውጭ የሰቀልኩት ፎጣ ሁሉ እንደ ረጠበ ነው። ብቻዬን ስሆን ሥራው አይገፋልኝም። አክስቴ ብትኖር ይሄኔ አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ ከምራው ነበር…

እህቴ፣ አንቺም ቁጭ በይ እንጂ። አግዳሚውን አሁን ነው የወለወልኩት፣ ደርቋል። ማሊያሽ እትዬ እጅ ላይ ነው፤ ብብቱ ጋ የተተረተረውን ሰፍተው ይሰጡሻል። ሽልማቱ ሳይጀመር ትደርሻለሽ፣ አትስጊ።

…አልሰማችኝም። ያን የሙዚቃ ነገር ጆሮዋ ውስጥ ሰክታለች። ይሻላታል፣ ትዝናና። የልብስ አጣቢዎች ወሬ ምን ያደርግላታል? ሽቦው ግን ጫፉ ጉልበቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አዲስ የመጣ ዓይነት ይሆናላ። እኔ ስለ ዕቃ ምን አውቃለሁ።

እኔ ምልዎት እትዬ… መቼም እጅ ሲሠራ አፍ ዝም አይልም፣ ስለ አንዲት ልጅ ላጫውትዎት። ስም አልጠራም፣ ሐሜት ይሆንብኛል። ከመረብ ኳስ ቡድናችን ልጆች አንዷ ነች እንበል። አሥራ ሁለት ናቸው፣ የትኛዋ እንደሆነች በምን ያውቃሉ? ይቺን እዚህ የተቀመጠችውን ማለቴ እንዳይመስልዎት። ይቺንማ እንዲያው ነው የምወዳት። ደግሞ ክፉ ልናገር ነው ብለው አይደንግጡ፣ ላደንቃት ነው። ሰው ሁሉ እያደነቃት እኔ ብቻ ዝም ብል ምቀኛ አይሉኝም?

ኳሱንማ ይተዉት። ስትዘል ተመልሳ የምትወርድ አትመስልም። ግን የኮሌጁ ጋዜጣ እንዳለው ትልቁ ነገር ኳሱ አይደለም። በሩ ላይ የተለጠፈውን አይተውታል? እኔ ስምንተኛን እንደ ምንም ጨርሼ የቀረሁ ነኝ፤ ቅርጫቴን አስቀምጬ ቀስ እያልኩ አነበብኩት። «ከኳሱ ባሻገር የታላቅ ሰብዕና ባለቤት» ይላል። ሰብዕና የሚለው አልገባኝም። የስፖርት ክፍሉን ጸሐፊ ጠየቅኳት። «ጸባይ ማለት ነው፤ ለሽልማት ሲሆን ሰብዕና ይባላል» አለችኝ። እንዲህ ሲያስረዱኝ ይገባኛል።

ብዙ ነገር ጽፈውላታል እኮ። ለትንንሽ ልጆች ኳስ ላይ ትፈርምላቸዋለች ይላል። እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የወደቀች ተጋጣሚዋን እጇን ይዛ ታነሳለች ይላል። ይሄንንም አይቻለሁ። ተጋጣሚዎቿ ግን ሁልጊዜ ካሜራው ባለበት በኩል የሚወድቁት ለምን ይሆን? የሜዳው ወለል እዚያ ጋ ያንሸራትት ይሆናል። እኔ ባጸዳው ኖሮ…

ከሁሉ ከሁሉ ግን ይቅር ባይነቷ ነው። አንዲት አሮጊት ልብስ አጣቢ የቡድኑን ነጭ ማሊያ በሙሉ ሮዝ አድርጋ ስታበላሸው አልተቆጣችም፣ አልሰደበችም፣ ይልቁንም በሕዝብ ፊት ይቅር አለቻት ይላል። ለዚህ ነው ዛሬ የሚሸልሟት። አንጀት አይበላም? እኔ ስምንት ጊዜ ነው ያነበብኩት። «አሮጊት» የሚለው ጋ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ቃሉ አላልፍ ይለኛል። አክስቴ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሳሙናው ነው እንጂ እጇን ያስረጀው ፊቷማ ገና ነው፣ አይደል እትዬ?

ቀስ ብለው ይስፉ፣ እሷ አትቸኩልም።

ያን ከረጢት ያስታውሳሉ? አሥራ ሁለቱን ከአሮጌው ስስ መጋረጃ ቆርጠው የሰፉልን እርስዎ አይደሉ? ቁጥሩንም በጥቁር ክር የጠለፉት እርስዎ ነዎት። ለምን እንዳሰፋችዎት ግን አክስቴ ነግራዎት ታውቃለች? አትነግርዎትም። እሷ የሰው ገበና ጥርሷን ቢያወልቋትም አታወጣም። እኔም አላወጣም… ጫፉን ብቻ ልንገርዎት።

ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት አዲስ ልጅ ቡድኑ ውስጥ ገባች። ከሩቅ የመጣች፣ አንገቷን የደፋች፣ ዘመድ የሌላት። እኔን ራሴን ነበር የምትመስለኝ፣ ሰው ቀና ብላ አታይም። ያኔ የሁሉም ልብስ በአንድ ቅርጫት ተደባልቆ ነበር የሚመጣው። አንድ ቀን የዚያች ልጅ ቁምጣ ላይ… ለሴት ልጅ ሁሉ የሚደርስ ነገር ነው፣ ምን ያሳፍራል? ትልልቆቹ ግን ቅርጫቱ ውስጥ አይተው ተሳሳቁባት። አንዷማ ቁምጣውን በእንጨት አንስታ አሳየቻቸው። ልጅቷ ሮጣ እዚህ ገባች፣ እዚሁ አግዳሚ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አክስቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አጠገቧ ተቀመጠች። «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት። «ከዛሬ ወዲያ ልብስሽን ማንም አያይብሽም። እኔም ጭምር።»

ያን ሳምንት ነው ከረጢቶቹን ያሰፋችዎት። እያንዳንዷ ተጫዋች የራሷን ልብስ በራሷ ከረጢት ከትታ በራሷ እጅ ትቋጥራለች። እንደ ተቋጠረ ይታጠባል፣ እንደ ተቋጠረ ማድረቂያው ውስጥ ይገባል፣ እንደ ተቋጠረ ይመለስላታል። አክስቴ አንድ ቀን እንኳ ቋጠሮ ፈትታ አታውቅም። እኔም ያኔ ገና አዲስ ነበርኩ፤ አንዱ ላልቶ አገኘሁትና ላጥብቀው ብዬ ብነካው እጄን መታችኝ። «የሰው ነው!» አለችኝ። ከመምታት ውጭ ሁሉን የምታውቅ ሴት፣ ለአንድ ቋጠሮ መታችኝ!

ያቺ የምታለቅሰው ልጅ ደግሞ አደገች፣ ጎበዘች፣ ካፒቴን ሆነች። ደስ አይልም? አሁን ሲያዩዋት አንገቷ ብቻ አንድ ክንድ ነው።

ማክሰኞ ነጭ ብቻ። ግድግዳው ላይ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ይኸው ይታያል። ማክሰኞ ከነጭ ሌላ ምንም ነገር ከረጢት ውስጥ አይገባም። ይሄን ለልጆቹ ያነበበችላቸው ራሷ ካፒቴኗ ነች፤ «እናታችንን አናስቸግራት» ብላ። እናታችን ነበር የምትላት ያኔ።

የዋንጫው ጨዋታ ዋዜማ ማክሰኞ ነበር። ከረጢቶቹን ከማሽኑ ሳወጣ ሁሉም ሮዝ። ክው ነው ያልኩት! አሥራ አንዱ ፈካ ያለ ሮዝ፣ አንደኛው ግን እንደ ቀይ ሥር። ያንን አንዱን አንስቼ ወደ ብርሃን ባደርገው ስሱ መጋረጃ ምን ይደብቃል? ማሊያው ውስጥ ተጠቅልሎ የገባ አዲስ ቀይ ካልሲ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። የከረጢቱን ቁጥር አልናገርም። ከስድስት ይበልጣል፣ ከስምንት ያንሳል፣ ከዚህ በላይ ከአፌ አይወጣም።

«እንፍታው፣ ካልሲውን እናውጣና ለስፖርት ክፍሉ ኃላፊ እናሳይ» አልኳት አክስቴን። አክስቴ ከረጢቱን ከእጄ ወሰደችው። አየችው፣ ቁጥሩን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ እንደ ተቋጠረ ማድረቂያው ውስጥ ከተተችው። «ተሳስታ ነው፤ ራሷ ስትፈታው ታየዋለች፣ ራሷ ትናገራለች» አለች።

እና ፈታችው እኮ እትዬ! እዚሁ ነው፣ ሁሉም ከረጢታቸውን ሲፈቱ። ጩኸቱ! አንዷ «ነገ በዚህ ልንጫወት ነው?» ትላለች፣ አንዷ ታለቅሳለች፣ አሰልጣኙ ራሱን ይዟል። አንዲት ልጅ ግን ፊቷን ወደ ማዕዘኑ አዙራ ፈታች። ካልሲውን አየችው። ደግሞ ቆንጆ አድርጋ አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ዞር አለችና በለስላሳ ድምጽ… ድምጿ እንዴት ለስላሳ እንደሆነ ቢሰሙት! «ምናልባት ከረጢቶቹን ፈትታ ከሌላ ልብስ ጋር ደባልቃው ይሆናል። አትቆጧት፣ ደክሟት ነው» አለች።

አየር ላይ ያለ ኳስ እንዲያ ሲያዞሩ አይቻለሁ። ሰው ላይ ሲያደርጉት ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት ያለ ችሎታ ነው!

እኔ አፌን ልከፍት ስል አክስቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። ቤት ስንገባ ነው የተናገረችው። «ሃያ ሰው እየጮኸ እኔ ነኝ ማለት ቀላል መሰለሽ? ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው። ነገ ብቻዋን መጥታ ትነግረኛለች።» ማሊያዎቹን ቤት ይዛቸው መጥታ ነበርና ሌሊቱን ሦስት ጊዜ በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈቻቸው። ማሊያው አልነጣም። የእጇ ቆዳ ነው የተላጠው።

በማግስቱ በሮዝ ተጫወቱ፣ አሸነፉ። የሮዙ ቡድን ተብለው ተጨበጨበላቸው፣ ፎቶ ተነሡ። አሁን ያን ማሊያ ለክብር ነው የሚለብሱት፤ እርስዎ እንኳ ይኸው ለሽልማት እየሰፉት አይደል? ዋንጫው ሲሰጥ ያቺ ልጅ ማይክራፎን ያዘች። «ያጠበችልንን እናት ይቅር ብያታለሁ። ሰው ናት፣ ሰው ይሳሳታል» አለች። አዳራሹ ብድግ አለ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ አለቀሰች፣ «ማን ናት ያሳደገቻት?» እያለች። አክስቴ ፎጣ ተሸክማ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ምን ታድርግ? ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠችና እሷም አጨበጨበች። በዚያ በተላጠ እጇ።

ይወጋዎታል እንዴ መርፌው? ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ዓይንዎን በጨርቅ አይጥረጉት፣ ብናኝ አለው።

ከዚያማ አክስቴ ጠበቀቻት። መተላለፊያው ላይ የላስቲክ ጫማ ሲንሿሿ በሰማች ቁጥር ማሽኑን ታጠፋለች። «እሷ ሳትሆን አትቀርም» ትላለች። ሌላ ሰው ይሆናል። ሦስት ሳምንት! «የፈተና ሰሞን ነው፣ አልተመቻት ይሆናል» ትላለች። «ሰው በዝቶባት ነው» ትላለች። እኔ እንኳ አንድ ቀን «አክስቴ፣ ኮሌጅ የተማርሽው አንቺ ነሽ እንዴ ሰበብ የምታውቂው?» አልኳትና ሳቀች። ከሳቀች ያን ቀን መጨረሻዋ ነው።

ባለፈው ሰኞ ደብዳቤ መጣ። ውሳኔ እስኪሰጥ ቤት ትቀመጥ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበት ቤት፣ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ አስረከበች። የደብዳቤውን ግልባጭ እኔ ነኝ ያነበብኩላት። «የተጫዋቾችን ከረጢት ያለ ፈቃድ በመፍታት» ይላል። «ምን ይላል? ድገሚልኝ» አለችኝ። «በመፍታት» አልኳት። ሥራዋን እንደምታጣ ስነግራት አላለቀሰችም። እዚያ ቃል ላይ ነው ያለቀሰችው። «እኔ? ፈታሁ? እኔ?»

ከግርጌው የቡድኑ ካፒቴን ፊርማ ይልና ክፍት መስመር አለ። ጸሐፊዋ ሁሉንም ነግራኛለች። ካፒቴኗ ከፈረመች አክስቴ ትሰናበታለች። ካልፈረመች ግን ነገ ጠዋት ሥራዋ ላይ ትገባለች፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ካልሲውን አውጪ፣ ማይክራፎን ያዢ የሚላት የለም። ዝም ብላ አለመፈረም ብቻ! ከዚህ የቀለለ መልካም ሥራ ይኖራል? ኃላፊው ዛሬ ሽልማቱ ሳይጀመር ወረቀቱን አምጪልኝ ብሏታል አሉ። ያን ዓይነት ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ነው ያለው። እንደዚያ ጉልበቷ ላይ እንዳለው ዓይነት… የኮሌጅ ፋይል ሁሉ ሰማያዊ ነው መሰለኝ።

እኔ ግን ተስፋዬ ትልቅ ነው። ታላቅ ሰብዕና ያላት ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ትፈርማለች? አሁን ኃላፊው ፊት ወረቀቱን ባዶውን አስቀምጣ፣ ሽልማቷን ተቀብላ፣ ነገ እዚህ በር ላይ ከአክስቴ ጋር ሰላም ብትባባል ማን ያውቅባታል? እኛ እንደሆን አናወራ። ዓይን አፋር ነኝ እኮ እኔ፣ ሰው ፊት እንኳ መናገር አልችልም። ዛሬ ምን እንደነካኝ እንጃ… ከእርስዎ ጋር ስለሆንኩ ነው።

ውይ፣ ጨረሱት? እንዴት ያምራል! ስፌቱ አይታይም እኮ። እህቴ፣ ማሊያሽ አልቋል።

…ሰማችኝ። አሁንስ ሰማችኝ። ዕድሜ ለእርስዎ እትዬ፣ ሙዚቃው ልክ ሲያልቅ ነው የጨረሱት።

ምን ፈለግሽ እህቴ? …እስክሪብቶ? አለ እንጂ፣ እንዴት ይጠፋል! እትዬ፣ ያቺን ልብስ ላይ ምልክት የሚያደርጉባትን ያቀብሉኝ። ይቺ ጥሩ ናት፣ ቢያጥቧት አትለቅም። ካውያ ጠረጴዛው ላይ አድርገሽ ጻፊ፣ ለጥ ያለ ነው። ቆይ ፎጣውን ላንሳልሽ። ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በዚህ በኩል እኔ ልያዝልሽ…

…

አዩ እትዬ? ፊርማዋ ሲያምር! ያ የልጆቹ ኳስ ላይ ያለው ነው፣ ከነጭራው። እስክሪብቶውን ሳታነሳ በአንዴ ነው የጨረሰችው። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ሰርቪስ ስትመታም እንዲሁ ነች፣ ለዚህ እኮ ነው የሚያጨበጭቡላት። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ በይበት እህቴ፣ ማሊያሽን እንዳይነካው። እንደገና ቀለም ነክቶት እንዳናስቸግርሽ።

ማታ ቤት ስገባ አክስቴ ከበሩ ሳልዘልቅ «ዛሬስ መጣች?» ትለኛለች። «መጣች» እላታለሁ። መቼም ውሸት አይሆንብኝም። መጥታ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ሁሉን ሰምታ… ኧረ ሙዚቃ ሰምታ ማለቴ ነው።

በይ፣ በደህና ሂጂ። ደረጃው እርጥብ ነው፣ ተጠንቀቂ። አንቺን የመሰለች ልጅ እንዳትወድቅብን፣ እዚያ ጋ ካሜራ የለም። እትዬ፣ እኔ ዓይን አፋር ነኝ፣ ለብቻዬ ምርቃት አልችልበትም፤ እርስዎ አሜን ይበሉልኝ።

ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ይስጣት። ቤቷ ይሙላ፣ ልጆቿ ይባረኩ፣ ስሟ ከዚህም በላይ ይግነን። እርጅና ደግሞ ሲመጣ ለብቻዋ አይተዋት። እጇ ሲደክም፣ ዓይኗ ሲፈዝ፣ ቀኑን ሙሉ በር በሩን እያየች ሰው ስትጠብቅ አንዲት ልጅ ይላክላት። ቆንጆ፣ አንደበቷ ለስላሳ፣ ሰው ሁሉ በጸባይዋ የሚያጨበጭብላት ልጅ። ሌላ ማንም አይሁንባት… በልቧም በእጇም፣ ቁርጥ ራሷን የምትመስል ልጅ ትሁንላት።

አሜን ይበሉ እንጂ እትዬ። እኔማ ከልቤ ነው የመረቅኳት።